«ዳሌዬ ወለቀ» ስንል የተሰበረው ምንድን ነው?

በጥቅምት ማብቂያ መንዝ ውስጥ በማለዳ ከቤት የሚወጣ ሰው መሬቱን እየመረጠ ነው የሚረግጠው። ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ሣሩን አንጥፎት ያድራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ደጃፉ ያሟልጫል። አያቴ የወደቁት እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ምድጃ ሊያያይዙ ጭራሮ ፍለጋ ወጥተው፣ ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ሳይርቁ በጎናቸው ተዘረሩ። አልጮኹም። «ዳሌዬ ወለቀ መሰለኝ» ብቻ ነበር ያሉት።

ያቺ «ወለቀ» የምትል ቃል ቀጣዮቹን ሳምንታት ወሰነቻቸው። የወለቀ ነገር ይመለሳልና ወጌሻ ተጠራ። እግራቸው ተሳበ፣ በቅቤ ታሸ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ ታሰረ። በሳምንቱ እንደገና ተሳበ። አጥንታቸው ግን አልወለቀም፤ ተሰብሮ ነበር። የተሰበረውም ዳሌያቸው ሳይሆን የጭን አጥንታቸው አንገት ነው። ይህን ያወቅነው ከአምስት ሳምንት በኋላ ራጅ ሲነሱ ነው። ያን ጊዜ ግራ እግራቸው አጥሯል፣ የእግራቸው ጣቶች ወደ ውጭ ዞረዋል፣ ከወገባቸው በታች የመኝታ ቁስል ወጥቷል። ከአልጋቸው ሳይነሱ አረፉ።

በዚያ ቤት ያጠፋ ሰው ፍለጋ አልጽፍም። ሁላችንም የምንወዳቸውን ሰው ለማዳን ነበር የምንሯሯጠው። ዓመታት አስቤበት የደረስኩበት ግን ይህ ነው፤ ስሕተቱ የጀመረው ከወጌሻው እጅ ሳይሆን ከራሳችን አፍ ነው። ስለ ዳሌ የምንናገርበት መንገድ የተጎዳውን ቦታ ደብቆብናል።

በአማርኛ «ዳሌ» ስንል ቢያንስ ሦስት ነገር እንጠራለን። አንዱ ወገብን ከታች የተሸከመው የአጥንት ቀለበት ነው። ሌላው ጭን ከዚያ ቀለበት ጋር የሚገጥምበት መገጣጠሚያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከጎን በእጅ የሚዳሰሰው ሥጋና ጉብታ ነው። ቅርጫ ላይ እንዲህ አንዘናጋም። በሬ ሲበለት ሽንጡን ከሹልዳው፣ ዳቢቱን ከጭቅናው ለይቶ የማይጠራ ጎልማሳ በሰሜን ሸዋ ገጠር ማግኘት ይከብዳል። መደቡ እንዲተካከል እያንዳንዱ ብልት በስሙ መጠራት አለበት። የራሳችን ገላ ላይ ስንደርስ ግን ያ ጥንቃቄ ይቀርና ሁሉም «ዳሌ» ይሆናል። ሦስቱ ቦታዎች ሲጎዱ ምልክታቸውም፣ አደጋቸውም፣ ሕክምናቸውም ለየቅል ነው።

ከቀለበቱ እንጀምር። ሁለት እጅዎን ወገብዎ ላይ ቢያሳርፉ፣ መቀነት ከሚታሰርበት ዝቅ ብሎ የሚሰማዎት ጠንካራ ጠርዝ የቀለበቱ የላይኛው ክፍል ነው። በርጩማ ላይ ብዙ ሲቀመጡ የሚቆረቁርዎት ሁለት አጥንት ደግሞ የታችኛው ክፍል ነው። ከፊት በሁለቱ ብሽሽቶች መካከል የሚነካው የፊተኛው ነው። በልጅነት እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ አጥንቶች ናቸው፤ በልም አጥንት ተያይዘው ያድጉና በጉርምስና ወራት አንድ ይሆናሉ። ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ የጭን አጥንት የሚገባበት ጎድጓዳ ጽዋ ነው። የግራና የቀኙ አጥንት ከፊት እርስ በርስ፣ ከኋላ ደግሞ ከአከርካሪው መጨረሻ ጋር ተያይዘው ቀለበቱን ይዘጉታል። ፊኛ፣ ማሕፀንና ወደ እግር የሚወርዱ ትላልቅ የደም ሥሮች በዚህ ቀለበት ውስጥ ናቸው። ሴት ልጅ ስትወልድ ሕፃኑ የሚያልፍበትም በር ይኸው ነው፤ የዚህ በር እድገት ቁመት ካቆመም በኋላ ስለሚቀጥል ገና ያልጠናች ልጅ ብታረግዝ ምጥ ይከብዳታል።

መገጣጠሚያውን ለመረዳት ሙቀጫና ዘነዘና ይበቃሉ። ጽዋው ሙቀጫ፣ የጭን አጥንት ክብ ራስ ዘነዘና ነው። ልዩነቱ ይህኛው ሙቀጫ ዘነዘናውን አጥብቆ ማቀፉ ነው። ዙሪያውን ልም ከንፈር አለው፤ በላዩ ጠንካራ ከረጢት ይለብሳል፤ ከከረጢቱ ፊት ለፊት ደግሞ ከሰው ገላ ጅማቶች ሁሉ የሚበረታው ጅማት ይወጠርበታል። ለዚህ ነው አንድ አዛውንት ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ሲወድቁ መገጣጠሚያው አይወልቅም ማለት የሚቻለው። ጅማቱ ከመላቀቁ በፊት የሳሳው አጥንት ይሰበራል። በአዛውንት ቤት «ወለቀ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

የጭን አጥንት ከገላችን አጥንቶች ረጅሙና ጠንካራው ነው፤ ርዝመቱ የሰውየውን ቁመት ሩብ ያህላል። ቀጥ ብሎ ወደ ጽዋው አይገባም። ከላይ ሲደርስ እንደ ባላ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ከ125 እስከ 130 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ የታጠፈው አጭር ክፍል «አንገት» ይባላል፤ ጫፉ ላይ ያ ክብ ራስ አለ። አንገቱ ሥር ወደ ጎን ያበጠው ደግሞ በጎን ስንተኛ ፍራሹ ላይ የሚያርፈው ጉብታ ነው። በተለምዶ «ዳሌዬን አመመኝ» ብለን የምንዳስሰው ያንን ነው፤ ጉብታው ግን የጭን አጥንት እንጂ የዳሌ አጥንት አይደለም።

ይህ መታጠፊያ ለምን አስፈለገ? ከአንኮበር አፋፍ ሆኖ ቁልቁል ወደ አፋር ሜዳ የተመለከተ ሰው መልሱ የተገኘበትን ምድር አይቷል። በዚያው በአፋር፣ ሰሜን ራቅ ብሎ ሐዳር ላይ፣ በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጽም ተገኘ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት ድንቅነሽ የግራ ዳሌ አጥንቷና የግራ ጭኗ አብረው መገኘታቸው ተመራማሪዎችን አስደስቷል፤ በሁለት እግሯ መሄዷን ከመሰከሩት አጥንቶች መካከል እነዚህ ይገኙበታልና። የዳሌዋ ክንፎች እንደ ዝንጀሮ ወደ ኋላ የተዘረጉ ሳይሆኑ ወደ ጎን የዞሩ ናቸው። ከእነዚያ ክንፎች ተነስቶ ጉብታው ላይ የሚያርፈው የጎን ጡንቻ፣ አንድ እግር ሲነሳ ገላ ወደ ተነሳው እግር እንዳይዘም ይይዛል። አንገቱ ጉብታውን ከመገጣጠሚያው አርቆ ስለሚያቆመው ጡንቻው እንደ መፈንቅያ ጉልበት ያገኛል።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ እግር ላይ ስንቆም፣ የገላችን ክብደትና የዚያ ጡንቻ ስበት ተደምረው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋሉ። ሸክሙ የክብደታችን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይደርሳል። 50 ኪሎ የሚመዝኑ እናት በእያንዳንዱ እርምጃ 125 ኪሎ ያህል በዚያች ቀጭን አንገት ላይ ይጭናሉ። በወጣትነት አንገቷ ይህን ትችላለች፤ ውስጧ እንደ ጎጆ ማገርና ወጋግራ በተሸመኑ ጥቃቅን የአጥንት ክሮች የተሞላ ነውና። ዕድሜ ሲገፋ፣ በሴቶች ላይ ይልቁንም የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ክሮቹ እየሳሱ አንዳንዶቹም እየተበጠሱ ይሄዳሉ። ሕመም የለውም፤ ማንም አያውቅም። ከዚያ አንድ ቀን በጎን መውደቅ ይመጣል፤ ጉብታው መሬቱን ይመታል፤ አንገቷ ትቆረጣለች።

እዚህ ላይ ምርኩዝን ማንሳት አለብኝ። አብዛኞቹ አዛውንቶቻችን ምርኩዛቸውን የሚይዙት ከሚያማቸው እግር ጎን ነው። መያዝ ያለበት በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው በግራ እጁ ሲደገፍ፣ ምርኩዙ የዚያን የጎን ጡንቻ ሥራ ይጋራና በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ሸክም በጉልህ ያቀለዋል። ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው፤ ለአያቴ ማንም አልነገራቸውም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጭን አንገት ስብራት ለምን እንደ ክንድ ስብራት በስንጣሪ አይጠገንም? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ደም ነው። የጭን አጥንቱ ራስ ደም የሚያገኘው በአብዛኛው ከታች፣ በአንገቷ ላይ ተጣብቀው ወደ ላይ ከሚወጡ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። አንገቷ ተሰብራ ስትንሸራተት እነዚያ ሥሮች ይበጠሳሉ ወይም ይታጠፋሉ፤ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። እግሩ በተሳበ ቁጥር ከመበጠስ የተረፉትም ይበጠሳሉ። ሁለተኛው፣ የክንድ ወይም የቅልጥም አጥንት በውጭ በኩል የሚያገግም ሽፋን ስላለው ስብራቱን ዙሪያውን አብጦ ያጣብቀዋል። አንገቷ ግን ያለችው በመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ነው፤ ያ ሽፋን እዚያ እጅግ ስስ ስለሆነ በዙሪያዋ አብጦ የሚያጣብቃት ነገር የለም። ስንጣሪ ከውጭ ቢታሰርም ከብዙ ሥጋ ስር ያለችውን አንገት አጽንቶ ሊይዛት አይችልም።

ይህ የወጌሻን ስም ያተረፈውንም ነገር ያስረዳል። ወጌሻ በከንቱ አልተከበረም። የሕፃናት አጥንት ፈጥኖ ይጠግናል፤ ጥቂት ተጣሞ ቢያድርም እያደገ ይቃናል። የክንድ ስብራት፣ የትከሻ ውልቃትና ወለምታ የለመደ እጅ ሲያገኛቸው ብዙ ጊዜ ደህና ይሆናሉ። ሰው ያንን አይቶ ለጭንም ይጠራቸዋል። ልጅ ከአባት የወረሰው ጥበብ የተሠራው ግን በሚዳሰስ አጥንት ላይ ነው፤ ይህች አንገት አትዳሰስም። ሐኪሞችን ደጋግሞ የሚያሳዝናቸው ሌላም ነገር አለ፤ እብጠት እየጨመረ ሳለ ማሰሪያው ጠብቆ ይቀርና ደም ይቋረጣል፣ እግር ወይም እጅ ይጠቁራል፣ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። ወጌሻውን ከመንደር ማስወጣት የሚቻልም የሚጠቅምም አይመስለኝም። የወደቀ ሰው ዘንድ ከማንም በፊት የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ቢያውቁ ይበቃል፤ የትኛውን እግር መንካት እንደሌለባቸው።

መለያውም ከባድ አይደለም። የወደቀውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ፣ ሳይስቡ ሳያዞሩ፣ ሁለቱን ተረከዞች ማስተያየት ነው። አንዱ እግር አጥሮ ጣቶቹ ወደ ውጭ ከዞሩ፣ ሰውየውም እግሩን ከመሬት ማንሳት ካቃተው፣ የጭን አንገት ስብራት ነው ብሎ ማሰብ ይገባል። እውነተኛ ውልቃት ብዙውን ጊዜ መልኩ ሌላ ነው፤ ጭኑ ወደ ሌላው ጭን ተጠግቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይዞራል። አንድ አታላይ ሁኔታም አለ። አንገቷ ተሰንጥቃ ግን ሳትንሸራተት ከቀረች እግሩ አያጥርም፤ ሰውየውም እያነከሰ ሊራመድ ይችላል፤ ብሽሽቱን ወይም ጉልበቱን ብቻ ያመዋል። ከወደቁ በኋላ ብሽሽት ላይ ሕመም የጀመራቸው አዛውንት፣ ቢራመዱም፣ ራጅ ያስፈልጋቸዋል።

የጣርማ በር መንገድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት ያመጣብናል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ጭጋጉ፣ ቁልቁለቱና ጠመዝማዛው ለአሽከርካሪ ሁሉ የታወቀ ነው። እዚህ የሚጎዱት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ አጥንታቸው ጠንካራ ስለሆነ ለመሰበሩ ትልቅ ኃይል ያስፈልጋል። በመኪና ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ሲመታ የጭን አጥንቱ ራስ ከጽዋው ወደ ኋላ ሊወጣ ይችላል። እውነተኛው የዳሌ ውልቃት ይህ ነው፤ ከጀርባው የሚያልፈውን ወደ እግር የሚወርድ ትልቅ ነርቭም ሊጎዳ ይችላል። ይህም በመንደር አይመለስም፤ በማደንዘዣ፣ በተቻለ መጠን በስድስት ሰዓት ውስጥ ሊመለስ ይገባል፤ የአጥንቱ ራስ ያለ ደም የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነውና።

የጭን አጥንት መካከሉ ላይ ሲሰበር ደግሞ የሚያስፈራው የማይታየው ደም ነው። ቆዳው ሳይቀደድ ጭን ውስጥ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ደም ሊፈስ ይችላል፤ አንድ አዋቂ ያለው ደም አምስት ሊትር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ቀለበቱ ሲሰበር ከዚህም ይብሳል፤ ደሙ ወደ ሆድ ጀርባ ስለሚፈስ ሰውየው ውጪው ደህና መስሎ ሊሞት ይችላል። ከፍ ያለ አደጋ የደረሰበትን ሰው ቀለበቱ እንደተሰበረ ከተጠራጠርን ጋቢ ያድናል። ጋቢው በሰፊው ታጥፎ ከስሩ ገብቶ፣ መቀነት በሚታሰርበት ወገብ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በሁለቱ የጎን ጉብታዎች ልክ ተጠምጥሞ ይጠበቃል። ቀለበቱ ሲጠብ ደም የሚሞላበት ቦታ ይጠባል። ሁለቱን ጉልበቶችና ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶች አንድ ላይ ማሰርም ይረዳል። ወገብ ላይ ማሰር ግን አይጠቅምም። ሰውየውን ማገላበጥ፣ ማስቀመጥ ወይም ማስቆም ደግሞ የረጋውን ደም ይፈታዋል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን አሳሳቢ ሆነ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ደስ የሚል ለውጥ ነው። ይህ ማለት ግን አጥንታቸው የሚሳሳበት ዕድሜ ላይ የሚደርሱ እናቶችና አባቶች በየቤቱ እየበዙ ነው ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብራችን ሲጀመር ትኩረቱ በእናቶችና ሕፃናት፣ በተላላፊ በሽታና በንጽህና ላይ ነበር፤ ብዙ ነፍስም አትርፏል። የአዛውንት መውደቅ ግን በየቤቱ በሚደረገው ምክር ውስጥ ቦታውን ገና አላገኘም። መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋም አምቡላንስ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ መድረስ የሚችልበት ሰዓት ይረዝማል።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን «ዕድሜያቸው ነው፣ ከእንግዲህ ቀዶ ሕክምና ምን ያደርጋል» የሚለው ነው። በአያቴም ቤት ተብሏል። የጭን አንገት ተሰብሮ መተኛት ዕረፍት አይደለም። ተኝቶ የሚቆይ አዛውንት የሳንባ ምች፣ በእግር ውስጥ የሚረጋ ደም፣ የመኝታ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ይጠብቁታል። በበለጸጉ አገሮች እንኳ እንዲህ ከተሰበሩ አዛውንቶች አምስት ላይ አንድ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ያርፋሉ። ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው የወጣትነት ጉልበት ለመመለስ ሳይሆን ከአልጋ ለማንሳት ነው፤ ለዚህም ነው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንዲደረግ የሚመከረው። ለወጣት ሐኪሙ የአጥንቱን ራስ ለማትረፍ በብሎን ያያይዘዋል። ለአዛውንት፣ ስብራቱ ከተንሸራተተ፣ የአጥንቱን ራስ አውጥቶ በብረት ይተካዋል፤ ብዙዎቹም በማግስቱ ተደግፈው ይቆማሉ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የእኛ ነው፤ የትም አገር መጽሐፍ አይመልሰውም። «መስገድ እችላለሁ? ቁጢጥ ማለትስ?» ብረት የተተካለት መገጣጠሚያ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ጉልበት ወደ ደረት አብዝቶ ሲታጠፍ ሊወልቅ ይችላል። በርጩማ፣ ቁጢጥ የሚባልበት መጸዳጃና ስግደት ሦስቱም ያንን እጥፋት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከፍ ያለ ወንበር፣ የመጸዳጃ መቀመጫና ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር የሕክምናው አካል ናቸው። ከመውደቅ በፊትም ቢሆን ሥራው እንዲሁ የቤት ሥራ ነው። ሌሊት ለሽንት ወደ ውጭ መውጣት የሚቀርበት ፖፖ፣ ከራስጌ የሚቀመጥ ባትሪ፣ ለውርጭ ወራት ሶሉ ያልለሰለሰ ጫማ፣ ደጃፍ ላይ አመድ ወይም አሸዋ መበተን።

ባለፈው ዓመት የአያቴ ታናሽ ወንድም በዚያው መንደር ከበቅሎ ሲወርዱ ወደቁ። ሰማንያን አልፈዋል። «ወለቀ» የሚለው ድምፅ እንደገና ተሰማ። ልጃቸው ግን ካልሲያቸውን አወለቀችና ሁለቱን ተረከዞች አስተያየች። ከዚያ ማንም እንዳይነካቸው ከለከለች፤ በሁለቱ ጭኖች መካከል የታጠፈ ባና አስገባች፤ እግሮቻቸውን አንድ ላይ አሰረች። ጎረምሶቹ በቃሬዛ አውጥተው መኪና መንገድ አደረሷቸው። በሦስተኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው።

አሁን ቅዳሴ የሚያስቀድሱት ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ለወንጌል ሲነሱ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይይዛሉ፤ የተሰበረው ቀኙ ነበርና።